ሱሪዬ መድረክ ላይ

ዓርብ ማታ ነገረችኝ፣ ጫማዋን እያወለቀች፤
«ነገ እኮ ዝሆን ነኝ» አለች፤ አለችና እግሯን ታጠበች።
ነገ? ነገ። የወላጆች ቀን፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት።
የባቢሌ ዝሆን ሆና ልትናገር ነው ስለ ጥማት።

መምህር ቀልቤሳ ብለዋል፦ «ልብሱን ከየቤት አምጡ»፤
ቀፊራ ወርጄ ብጠይቅ፣ ለኩምቢ ስንት ሊያስወጡ?

መርፌ የለኝ።
መርፌማ የእናቷ ነበር፤ እሷ ወደ ደወሌ ስትሄድ
ሲንጀሩም ተጭኖ ሄደ፣ ከነመርፌው፣ በባቡር መንገድ።
ቢኖረኝስ? ዝሆን የሚመስል ግራጫ በቤቱ ካለ
የጥበቃ ልብሴ ነው፤ ከሱ ሌላ ምን ተሰቀለ?
ሰኞ ደግሞ የፍተሻ ቀን፤ ኃላፊው ቆሞ ያያል፤
አንድ የመርፌ ቀዳዳ ካገኘ ከደሞዝ ይቆርጣል።

ስለዚህ አልሰፋም። አልቀድም። ስፒል እንኳ አልወጋም።
ማጠፍ አለ፤ መቋጠር አለ፤ መጠቅለል አለ።
የሰው ልጅ መርፌ ሳይወለድ ራቁቱን ነበር እንዴ የዋለ?

ሱሪውን አለበስኳት። ገብታበት ጠፋች ልጄ።
እግሩን ሦስት ጊዜ አጠፍኩ፣ ተንበርክኬ፣ በእጄ።
ወገቡ ውስጥ ትራስ ከተትኩ፤ ሆዷ ወጣ እንደ ባለጸጋ፤
በጫማዬ ክር ሸበብኩት፣ ጫፍና ጫፉ እስኪጠጋ።

ጆሮው አስቸገረን። ሹራብ ቢሆን ይሻል ነበር፤
ግን ሹራብ ማን ያውቃል ድሬ፣ በዚህ ሙቀት፣ በዚህ አገር?
ግራጫ ካናቴራዬን በአንገቱ በኩል አጥልቄ
ግንባሯ ላይ አቆምኩት፣ ሁለቱን እጅጌ ለቅቄ፤
ውስጡን በጋዜጣ ሞላሁ፤ ተዘረጉ ወዲያ ወዲህ፤
«አባ፣ አሁን ይሰማኛል፣ አያ ሙሜ ሲያንኮራፉ እንዲህ!»

ኩምቢው ካልሲዬ ነው፤ ረጅሙ፣ ከቡት ጋር የሰጡኝ።
ታጥቧል። ሁለት ጊዜ ታጥቧል፤ ሰው ቢጠይቅ መስክሩልኝ።
የፀጉሯን ላስቲኮች ቀጣጥዬ አፍንጫዋ ላይ አሰርኩት፤
ጅራቱ ቀበቶዬ ሆነ።
መብራት ሄደ። በሞባይል አየሁት፦
ግድግዳው ላይ የቆመ፣
ኮርኒስ የሚነካ፣ የማላውቀው፣ ጸጥ ያለ አውሬ፤
ይሄ ሁሉ ኢፍቱ ናት? ይሄ ሁሉ የአንድ ሱሪ ፍሬ?

ጠዋት ግን፣ እኔስ ምን ልልበስ?
የሌላው ሱሪዬ ጉልበት ሁለት ዓመቱ ነው ሲስቅ፤
ሽርጤን አገለደምኩ፤ ድሬ ነን፤ በሽርጥ ማን ይሳቀቅ?
ከገንደ ቆሬ ተነስተን የደቻቱን አሸዋ አቋረጥን፤
ባለባጃጁ «ዝሆን አልጭንም» ብሎ ሳቀብን፤ እኛም ሳቅን።

መድረክ ላይ ስትወጣ ሕፃናቱ ጮኹ፦ «ዝሆን!»
ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ «ያቺ ልጅ የማን ትሆን?»
«ሱሪው የእኔ ነው» አልኩ። ሌላ መልስ አልመጣልኝም።
እሷም እዚያ ላይ፦ «እናቴ የመራችኝን ጉድጓድ
መንገዱን አልረሳሁትም።»
በዚህ መሐል ካልሲው ወረደ፤ በአንድ እጇ ይዛ ቀጠለች፤
ዝሆን ሁሉ ኩምቢውን ደግፎ የሚናገር አስመሰለች።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ አለ። ፈታኋት፤ ሁሉም ተመለሰ፤
ትራሱ ወደ አልጋ፣ ክሩ ወደ ጫማ፤ ዝሆኑ ፈረሰ።
አንድም ክር አልተመዘዘ። ሰኞ ይምጣ፤ ኃላፊው ይፈልግ።
የሚያገኘው ቢኖር፣ እግሩ ላይ፣
ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ፣ ሦስት የእጥፋት መስመር፤
«እስከዚህ ነኝ» የሚል።

እኩለ ሌሊት ነው። የመጋዘኑ በር። ወንበሬ።
ባትሪ ፍለጋ እጄን ኪሴ ብከት፣ ለውዝ፤
የባቢሌ ለውዝ፣ ለዝሆኗ ሽልማት የሰጧት፤
ግማሹን በልታ፣ ግማሹን
ሱሪው የማን እንደሆነ ያልረሳች።

ውሻ ጮኸ ወደ ለገሃሬ። ባቡር የለም በዚህ ሰዓት።
ጆሮዬን አስፍቼ ተቀመጥኩ፤
አንድ በአንድ ፈለፈልኩ፣
እስኪነጋ እንዲያደርሰኝ።